አዲስ በተሠራ ሰፈር እድር ለማቋቋምና አጽንቶ ለማቆየት

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በየካ አባዶ ወይም በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤት የደረሰው ሰው ጎረቤቱን ያገኘው በእጣ ነው። መሃል ከተማ ሳለ የአባቱ እድር፣ የእናቱ ጽዋ ማኅበር፣ አብሮ አደጎቹም በዙሪያው ነበሩ፤ ቁልፍ ተረክቦ ወደ ከተማው ዳር ሲወጣ ያ ሁሉ ወደኋላ ይቀራል፣ ደረጃ ላይ የሚያገኘውም ሰው ስሙን እንኳ የማያውቀው ነው። እኛ ባለንበት ሳይት የመጀመሪያው ሞት የደረሰው በሐምሌ ሌሊት ነበር። የሟች ልጅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከአራተኛ ፎቅ እየወረደች፣ በር እያንኳኳች ወንበር ለመነች፤ የከፈተላትም ሁሉ ያለውን ሰጣት፤ አንዱ በርጩማ፣ ሌላው የልጁን የጥናት ወንበር፣ አንዲት እናት ደግሞ የሶፋቸውን ትራስ። ሲነጋ ብሎኩ ሥር አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል አሥራ ዘጠኝ መቀመጫ ተደርድሮ ነበር፤ ድንኳን ስላልነበረን ዝናቡ ሲወርድ ለቀስተኛው በየደረጃው ተጠልሎ ቆመ። እምቢ ያለ አንድ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ማን ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅ ሰውም አልነበረም።

ይህን መመሪያ የማቀርበው ከዚያ ሐምሌ በኋላ ያቋቋምነውን እድር በጸሐፊነት ሳገለግል ካየሁት ተነሥቼ ነው። እድር ስናቋቁም ሁላችንም ቶሎ ወደ ደንቡና ወደ መዋጮው እንሮጣለን፤ እነሱ አስፈላጊ መሆናቸው አያከራክርም፤ ነገር ግን እድሩ በአምስተኛው ዓመት በሕይወት መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ሌሊት ስልክ ተደውሎላቸው ተነሥተው ድንኳን የሚተክሉት ጥቂት ሰዎች እስከ መቼ ይችላሉ የሚለው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርበው ሁሉ እነዚያን ሰዎች ሳያደክሙ እድሩን እንዴት ማስኬድ ይቻላል ከሚል ጥያቄ የተነሣ ነው።

ማን ከማን ጋር ይሰባሰብ

ባለ አራት ፎቅ አንድ ብሎክ ለብቻው እድር ለመሆን ያንሳል። በእኔ ግምት ከስልሳ እስከ መቶ ሃምሳ አባወራና እማወራ ያለው እድር ይሠራል፤ ከዚያ ካነሰ ሁለት ሞት በአንድ ወር ሲደርስ ካዝናው ይናጋል፣ ከሁለት መቶ ካለፈ ደግሞ አባላቱ በመልክ አይተዋወቁም፣ የማይተዋወቁ ሰዎችም ለቀብር ለመውጣት ይሰንፋሉ። ስለዚህ በአንድ በር የሚገቡ፣ አንድ የመኪና ማቆሚያና አንድ የጋራ መገልገያ ቤት ያላቸውን ብሎኮች አሰባስቡ። ያ የጋራ ቤት በኋላ ወጥ የሚሠራበትና ንፍሮ የሚቀቀልበት ስለሚሆን ከወዲሁ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል።

ተከራይን በተመለከተ በየሳይቱ ክርክር አለ። ብዙ ባለእጣዎች ቤታቸውን አከራይተው ሌላ ቦታ ስለሚኖሩ፣ «ባለቤት ብቻ ይመዝገብ» ያለ እድር ግማሹን ደረጃ ውጭ ያስቀራል ማለት ነው። እኔ ተከራይ ሙሉ አባል መሆን አለበት ባይ ነኝ፤ ሌሊት እሪታ ሰምቶ የሚወጣው እዚያው የሚያድረው ሰው ነውና። ቤት ሲለቅ ምን እንደሚሆን በደንቡ ውስጥ ማስፈር ይበቃል፤ ለምሳሌ መመዝገቢያው እንደማይመለስ፣ ነገር ግን እዚያው አካባቢ ከቆየ አባልነቱ እንደሚቀጥል።

ብዙ ሰው መሃል ከተማ የቀረውን የቀድሞ እድሩን አይተውም። ይተው ብላችሁ አታስገድዱት። ሁለት እድር ያለው ሰው መዋጮውን ያማርር ይሆናል እንጂ ሥራውን ለመማር ጊዜ አይፈጅበትም፤ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ የእድርን ወግ የሚያውቀው እሱ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ አለ። በየጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሚቋቋመው የባለቤቶች ማኅበር ስለ ደረጃ መብራት፣ ስለ ጥበቃና ስለ ጽዳት የሚሠራ ሌላ አካል ነው። ሁለቱን በአንድ ኮሚቴና በአንድ ካዝና ማስኬድ የሚቀልል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የውሃ ፓምፕ ተቃጥሎ የእድሩ ገንዘብ ለጥገና በወጣ ሳምንት ሞት ቢደርስ መልስ አይኖራችሁም።

ሕጉና ወረቀቱ

እድር ትርፍ ለማግኘት ያልተቋቋመ የሰዎች ኅብረት በመሆኑ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 404 ጀምሮ ስለ ማኅበራት ከደነገገው ጋር ይዛመዳል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ግን እንደ እድርና እቁብ ያሉ ባህላዊ ስብስቦችን አይመለከትም። በተግባር የሚያስፈልጋችሁ የመመሥረቻ ቃለ ጉባኤ፣ የተፈረመ መተዳደሪያ ደንብ፣ የአባላት መዝገብና ማኅተም ነው፤ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት የድጋፍ ደብዳቤ ልትጠየቁ ስለምትችሉ ቃለ ጉባኤውን ይዛችሁ አስቀድማችሁ ወረዳውን አነጋግሩ።

መዋጮውን ማስላት

መዋጮ የሚወሰነው በጎረቤት እድር ዋጋ ሳይሆን በስሌት መሆን አለበት። ምሳሌ ልስጥ። መቶ ሃያ አባል በወር 100 ብር ቢያዋጣ በወር 12,000፣ በዓመት 144,000 ብር ይሰበሰባል። ለአባሉ፣ ለባለቤቱና ለልጁ ሞት 12,000፣ ለወላጅ 6,000፣ ለእኅትና ለወንድም 3,000 ብር እንዲከፈል ተወስኖ፣ በዓመቱ ሦስት የመጀመሪያው ዓይነት፣ ስምንት የወላጅና አራት የእኅትና የወንድም ሞት ቢደርስ፣ ወጪው 36,000፣ 48,000 እና 12,000፣ በድምሩ 96,000 ብር ይሆናል። የሚተርፈው 48,000 ብር ለቀብር መኪና፣ ለድንኳን ጥገናና ለክፉ ዓመት መጠባበቂያ ነው። የወላጅ ሞት ከሁሉ እንደሚበዛ ከዚህ ታያላችሁ፤ አባላቱ ጎልማሶች ናቸው፣ ወላጆቻቸው ደግሞ አርጅተዋል። ስለዚህ ለወላጅ የሚከፈለውን ገንዘብ በስሜት ከፍ ያደረገ ጉባኤ በሁለተኛው ዓመት ይቸገራል። በትንሹ ጀምሮ ማሳደግ ይቻላል፤ አንዴ የተሰጠውን መቀነስ ግን ጠብ ያመጣል። የመመዝገቢያው ገንዘብ ለድንኳን፣ ለወንበርና ለድስት መግዣ ብቻ ይዋል። አዲስ አባልም ከተመዘገበ ከሦስት ወር በኋላ ክፍያ ያግኝ።

እድሩን ከሚያሳዝኑ ጭቅጭቆች ዋናው «ወላጅ ማን ነው» የሚለው ነው። አክስቱ ያሳደገችው ሰው አክስቱ ስትሞት እናቴ ናት ቢል እውነቱን ነው፤ ኮሚቴው ደንቡን ይዞ አይሆንም ቢለውም ኮሚቴው አልዋሸም። ይህን የሚፈታው የምዝገባ ቅጽ ነው። እያንዳንዱ አባል ገና ሲመዘገብ የትዳር ጓደኛውን፣ የልጆቹን፣ የወላጆቹንና የእኅት ወንድሞቹን ስም በእጁ ጽፎ ይፈርም፤ ያሳደገው ሰው ካለም በወላጅ ቦታ አንድ ስም ማስመዝገብ ይፈቀድለት። ከሞት በኋላ ስም መጨመር ግን ለማንም አይፈቀድ።

ገንዘቡ በሌሊት የት አለ

በሁለተኛው ዓመታችን የደረሰብንን ልናገር። ቅዳሜ ማታ አንድ ሙስሊም ጎረቤታችን አረፉ። ቀብሩ በማግስቱ በጠዋት ነበር፤ በእስልምና ሥርዓት አስከሬን ማቆየት አይወደድምና። ገንዘቡ ባንክ ውስጥ ነበር፣ ሦስት ፈራሚ ያስፈልግ ነበር፣ ከሦስቱ አንዱ ደግሞ ለሠርግ ክፍለ ሀገር ሄዶ ነበር። ቤተሰቡ ከእድሩ ገንዘብ የተቀበለው ማክሰኞ ነው። አንድም የወቀሰን ሰው የለም፤ እኔ ግን የዚያን ቤት ደረጃ ስወጣ ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ያዡ የአንድ ሙሉ ክፍያ መጠን በእጁ እንዲይዝ፣ ይህም በየወሩ በተቆጣጣሪው እንዲቆጠር፣ ከሦስት ፈራሚዎችም ሁለቱ ከፈረሙ ባንኩ እንዲከፍል ወሰንን። ፈራሚ ከከተማ ሲወጣ ለጸሐፊው ያሳውቃል። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ መዋጮ መሰብሰብን እጅግ አቅልሎታል፤ ቢሆንም ክፍያው በገንዘብ ያዡ የግል ስልክ የሚገባ ከሆነ የእድሩና የቤቱ ገንዘብ መቀላቀሉ አይቀርም። ለእድሩ ብቻ የሚውል ቁጥር ይኑር፣ በስልክ ለተከፈለውም ቢሆን ደረሰኝ ይቆረጥ። የሒሳብ መግለጫ በየሦስት ወሩ በየብሎኩ መግቢያ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ጉባኤ ላይ የሚነበበውን የሚሰማው የመጣው ብቻ ነው፣ ግድግዳ ላይ ያለውን ግን እንጀራ ይዞ የሚወጣ ሁሉ ያነበዋል።

የሚሠሩት ሰዎች

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስኩ። እድር ሁሉ ሲጀመር ሦስት ወይም አራት ትጉ ሰዎች አሉት። የድንኳኑን ቱቦ እነሱ ይሸከማሉ፣ በርሜሉን እነሱ ይሞላሉ፣ ቀብር ጨርሰው ሲመለሱም ወንበር የሚያጥፉት እነሱ ናቸው። ሌላው አባል ክፉ ሆኖ አይደለም፤ «እነ እገሌ አሉ» ብሎ ያርፋል። እድርን የምትገድለው ይህች ቃል ናት፤ እነ እገሌ አንድ ቀን ይታመማሉ ወይም ይሰለቻሉና።

የእቃ ቤቱን ቁልፍ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የያዙት ጡረታ የወጡ አንድ አባት ነበሩ። ባለ ካሬ ደብተራቸውን ዛሬም አስቀምጬዋለሁ፤ በአንዱ ገጽ ላይ «ብርጭቆ ወጪ 200፣ ተመላሽ 197፣ የተሰበረ 2፣ አንዱ ይፈለግ» ይላል፤ በሚቀጥለው ገጽ ላይ ደግሞ በሌላ ቀለም «ተገኘ፣ ልጆች ጋ ነበር» ተብሎ ተጽፏል። እኒህ ሰው አምስት ዓመት ሙሉ በሌሊት ሲጠሩ አንድም ቀን አልቀሩም። በስድስተኛው ዓመት ቁልፉን በፖስታ አድርገው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ምን አጠፋን ብዬ ስጠይቃቸው፣ ጉልበታቸው እንደሚያማቸው፣ ይህንንም የጠየቃቸው ሰው እንደሌለ ነገሩኝ። ትክክል ነበሩ። ጸሐፊ ነበርኩና መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ተራ ሥሩ። መቶ ሃያ አባል ካላችሁ አሥር አሥር ሰው ያለባቸው አሥራ ሁለት ቡድኖች ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን በዓመት አንድ ወር ተረኛ ነው፣ የተረኞቹም ስም ከነስልካቸው ወሩ ከመግባቱ በፊት ይለጠፋል። በቡድኑ ውስጥ ሥራው አስቀድሞ ይከፈል፤ አራት ሰው ለድንኳንና ለወንበር፣ ሁለት ለውሃና ለማገዶ፣ ሁለት ለኩሽና፣ አንድ ለመኪና፣ አንድ ለእቃ ቆጠራ። በቂሊንጦና በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርኮች በፈረቃ የሚሠሩ ወይም በሌሊት ጥበቃ የሚያድሩ አባላት ሊቸገሩ ስለሚችሉ ተራ መለዋወጥ ይፈቀድ። በገንዘብ ሰው ቀጥሮ መላክን ግን አልደግፍም፤ ይህ ከተጀመረ ጥቂት ወራት ሳያልፉ ድንኳኑን የሚተክሉት የቀን ሠራተኞች ይሆናሉ፣ ጎረቤቱም እንግዳ ሆኖ መጥቶ እንግዳ ሆኖ ይሄዳል።

የኩሽናውን ሥራ በተመለከተ በግልጽ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። በብዙ እድር መዝገቡ ላይ የተጻፈው የባል ስም ነው፤ ሽንኩርት ስትልጥ የምታነጋው ግን ሚስት ናት። ተራው በመዝገብ ለሰፈረ አባል ከሆነ ወንዱም ኩሽና ይግባ፣ ሴቷም በስሟ ትመዝገብ፣ በሥራ አስፈጻሚው ውስጥም ትቀመጥ። እኛ ዘንድ ሁለት ሴቶች ወደ ኮሚቴው ከገቡ በኋላ የመጀመሪያው ለውጥ ለጋራ ኩሽናው መብራት መግባቱ ነበር፤ ከዚያ በፊት በሻማ ይሠሩ እንደነበር እኛ ወንዶቹ አናውቅም ነበር።

ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ንብረት ያዥ ለሁለት ዓመት ይመረጡ፤ እያንዳንዳቸው ከመጀመሪያው ቀን ምክትል ይኑራቸው፣ ምክትሉም ሥራውን ከጎን ሆኖ ይማር። ለአገልጋዮች የመዋጮ ምሕረት ይደረግ የሚል ሐሳብ በየጉባኤው ይነሣል። አልቀበለውም፤ መዋጮ የማይከፍል ሰው እንደ ተቀጣሪ መታየት ይጀምራልና። የስልክ ካርድና የትራንስፖርት ወጪያቸው ግን ሳይለምኑ ይተካላቸው። ጥሩምባ ነፊ ከቀጠራችሁ የእሱ ነገር ሌላ ነው፤ እሱ ደመወዙን ይቀበል።

የሞት ዕለት

መልእክት አስተላላፊው ከሁሉ በፊት ሊጠነቀቅ የሚገባው መርዶን ነው። ቀድሞ ጥሩምባ ሲነፋ የሚሰማው ሰፈርተኛው ብቻ ነበር። ዛሬ በቴሌግራም ቡድን የተጻፈ የሟች ስም በአንድ ደቂቃ ውስጥ አዋሳ ወይም ዱባይ ይደርሳል፤ በወጉ መሠረት ጎሕ ሲቀድ በሽማግሌ ሊረዳ የሚገባው ልጅ ሥራ ላይ ቆሞ የአባቱን ሞት ከስልኩ ያነባል። ስለዚህ በመጀመሪያው መልእክት ስም አይጻፍ። «የኅዳር ተረኞች ብሎክ 14 ሥር ተገናኙ» ማለት ይበቃል። ስሙ የሚገለጸው ቤተሰቡ «የቀረ የለም፣ ሁሉም ተረድቷል» ሲል ነው፤ ይህንንም አንድ የተመደበ ሰው ቤት ገብቶ በቃል ይጠይቅ።

ድንኳኑን በተመለከተ፣ በኮንዶሚኒየም ግቢ ካስማ የሚመታበት አፈር የለም፤ ኮብልስቶን ነቅሎ ካስማ የተከለም እድር አይቻለሁ፣ በሚቀጥለው ዝናብ መንገዱ ሰመጠ። በብረት ቱቦ የተበየደ ድንኳን ይግዙ፤ እግሮቹ በሲሚንቶ በተሞሉ አሮጌ ጎማዎች ይያዙ። አምቡላንስ ወይም የእሳት አደጋ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ይቅር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የእድሩ ሮቶ ሞት ሳይኖርም ሞልቶ ይደር፤ የተረኛው ወር የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነው።

ምግቡ በጾምና በፍስክ፣ በክርስቲያንና በሙስሊም መካከል ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ እድር በሚኖርበት ሰፈር ሰታቴው፣ ጭልፋውና ትሪው ሁለት ሁለት ሆኖ በቀለም ይለይ። ቀለሙ የማይለቅ ይሁን፤ እኛ መጀመሪያ የቀባነው በሦስት እጥበት ጠፍቶ አንዲት እናት በትሕትና ምግቡን ሳይቀምሱ ተነሥተዋል። ንፍሮ፣ ዳቦና ቡና ግን ሁሉም ይቋደሰዋል፤ ለመጀመሪያው ሌሊት እሱ ይበቃል።

ለቀብር የሚሄደውን ሰው የሚያጓጉዝ አውቶቡስ ወይም ቅጥቅጥ አስቀድሞ ከሁለት ባለመኪናዎች ጋር ተነጋግሮ መያዝ ያስፈልጋል። አስከሬኑ ወደ ትውልድ አገር የሚሸኝ ከሆነ እድሩ ምን ያህል እንደሚረዳ ደንቡ ይናገር። ድንኳኑ እስከ ሰልስት ይቆይ፤ ከዚያ በላይ ማቆየት ሌላ ሞት ለደረሰበት ቤት ድንኳን መከልከል ነው። ሞቱ በ30 ቀን ውስጥ በወረዳው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ እንዲመዘገብ ቤተሰቡን ማስታወስ የጸሐፊው ሥራ ነው፤ በሐዘን ያለ ሰው ይህን አያስብም፣ በኋላ ግን በውርስ ጉዳይ ይቸገርበታል።

በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ቤቶችን በሚያራቁትበት ጊዜ የአዲስ አበባ እድሮች በቀብር ብቻ ሳይወሰኑ ሕሙማንን ወደ መጠየቅና ወላጅ አልባ ልጆችን ወደ መርዳት ተሸጋግረዋል። እናንተም ወደዚያ መድረስ ትችላላችሁ። ነገር ግን አዲስ እድር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ቀብርን በሚገባ በማድረስ ላይ ያሳልፍ፤ ድንኳኑን በሰዓቱ ያልተከለ እድር ለታመመ ሰው አዋጣ ቢል የሚያምነው የለም።

ከሰልስት በኋላ

ድንኳኑ ሲነሣ ሁሉም ደክሟል፣ ሸራውን እርጥብ እንዳለ ጠቅልሎ እቃ ቤት መወርወርም ያጓጓል። አይደረግ። እርጥብ ሸራ በሁለት ሳምንት ይሻግታል፣ በቀጣዩ ለቅሶ ላይም ሽታው ሐዘንተኛውን ይረብሻል። እኛ ሸራውን ከሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ብረት ላይ አውርደን በሁለት ሰው ወጥረን እናደርቀዋለን፤ በክረምት ይህ ሁለት ቀን ሊወስድ ይችላል፣ ተረኞቹም በየተራ ይጠብቁታል። ከዚያ በኋላ ወንበሩ፣ ብርጭቆው፣ ፔርሙዙና ጭልፋው በመዝገብ ይቆጠራል፤ የጎደለው በቀይ ይጻፋል፤ ቆጣሪውና ምስክሩ ይፈርማሉ። ወሩ ሲያልቅ የተረኛው ቡድን ተጠሪ መዝገቡንና ቁልፉን ይዞ ወደ ቀጣዩ ቡድን ተጠሪ ቤት ይወጣል፣ ሁለቱ አብረው ወደ እቃ ቤቱ ወርደው እንደገና ይቆጥራሉ፣ ሮቶው መሙላቱንም አይተው በሩን ይቆልፋሉ።